ቀብዱን አትላኪ፣ መጀመሪያ ሳይክል ሠሪ ፈልጊ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 31 ዓመቴ ነው። ጅማ ቆጪ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ሥራዬ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ ነው። በየቀኑ ለባጃጅ የማወጣው ብር ስለከበደኝ ሳይክል ልገዛ ወስኛለሁ። ችግሩ ነድቼ አላውቅም። ልጅ ሆነን ወንድሞቼ ሲነዱ እኔ ቆሜ አይ ነበር። አሁን በቴሌግራም አንድ የሚያምር ማውንቴን ሳይክል አግኝቻለሁ። ባለ 29 ጎማ፣ ባለ 21 ማርሽ፣ ፊትና ኋላ ሾክ ያለው፣ «ሺማኖ ኦሪጅናል፣ ትንሽ ያገለገለ» ይላል። ዋጋው 26,000 ብር ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ነው ያለው። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ከላክሁለት በአውቶቡስ ይጭንልኛል። «ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ እስከ ነገ ወስኚ» ብሎኛል። ረጅም ቀሚስ ነው የማዘወትረው፤ እሱም ያሳስበኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጩ የሰጠሽ ጊዜ አጭር ስለሆነ አንገብጋቢውን ላስቀድም። ቀብዱን አትላኪ። ነገም አትላኪ፣ ከነገ ወዲያም አትላኪ።

ሰውየው አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። በቴሌግራም ዕቃ እየሸጡ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጨዋ ነጋዴዎች ሞልተዋል። እሱ ጨዋ ቢሆንም ባይሆንም ግን የአንቺ ነገር ያው ነው። 13,000 ብር ከእጅሽ ወጥቷል፤ ሳይክሉ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ተቀምጧል። ነገሩ ቢበላሽ ማን ጋ ትሄጃለሽ? በእጅሽ ያለው አንድ የቴሌግራም ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ነው። ስሙን መቀየርም ስልኩን ማጥፋትም የደቂቃ ሥራ ነው።

«ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው» የምትለዋን ቤት ስትከራዪ ከደላላ ሳትሰሚያት አልቀረሽም። ያቺው ናት። እውነት ሌላ ገዢ ካለ ይግዛው። ሳይክል በየቀኑ ይለጠፋል።

ልብሽ አልቆርጥ ካለ ግን አንድ ነገር ጠይቂው። ቪዲዮ ይላክልሽ። ፎቶ አይደለም፣ አሁን የተቀረጸ ቪዲዮ። ሳይክሉን ገልብጦ የኋላውን ጎማ በእጁ ያሽከርክረው። ከፔዳሎቹ መሐል፣ ከፍሬሙ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ያሳይሽ። እግረ መንገዱን የዕለቱን ቀን በአፉ ይናገር። ሳይክሉ እጁ ላይ ካለ ጊዜ አይፈጅበትም። «ኔትወርክ የለም»፣ «ሳይክሉ መጋዘን ነው»፣ «አታምኚኝም እንዴ?» ማለት ከጀመረ መልስሽን አግኝተሻል። ፎቶውንም ደግመሽ እዪው። ከሳይክሉ ኋላ የሚታየው ግቢ፣ አጥርና መኪና የኛን አገር ካልመሰለ ፎቶው ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የጠየቅሽኝ «ይህን ሳይክል ልግዛው ወይ?» ነው። እኔ ደግሞ የምልሽ፣ ሳይክል ከመፈለግሽ በፊት ሳይክል ሠሪ ፈልጊ ነው። ገና የሚለምድ ሰው ይወድቃል። መሪው ይጣመማል፣ ፍሬኑ ይላላል፣ ጎማው ይተነፍሳል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሠሪሽ ጋር ቤተሰብ ሆናችሁ ነው የምታሳልፉት። እሱ የማያውቀውን፣ መለዋወጫውም ጅማ ውስጥ የማይገኝለትን ሳይክል ከገዛሽ ግን በትንሽ ብልሽት ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። አንቺም ወደ ባጃጅሽ ትመለሻለሽ።

ስለዚህ ከሥራ ስትወጪ መርካቶ አካባቢ ጠይቀሽ አንዱ ጋ ሂጂ። ውሃ የያዘ ሳፋ ከፊቱ አስቀምጦ፣ የተነፋ ከመነዳሪ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን የሚፈልግ ሰው ካየሽ ደርሰሻል። እዚያ የተደገፉትን ሳይክሎች ልብ ብለሽ እያቸው። ጎማቸው ስንት ቁጥር ነው? ፍሬናቸው ምን ዓይነት ነው? ስንቶቹ ናቸው ከኋላ ሾክ ያላቸው? የከተማው ሰው የሚነዳው፣ የከተማው ሠሪ እጁ የለመደው እነሱን ነው። የትኛውን ጎማና ከመነዳሪ እንደ ልብ እንደሚያገኝ ጠይቂው። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ይሠራ እንደሆነም ጠይቂው። የሚልሽን ስልክሽ ላይ ጻፊ። የምትገዢው ሳይክል እሱ «ይሄ ችግር የለውም» ያለሽ ዓይነት ይሁን። አጋጣሚ ሆኖ ማን ሳይክል ሊሸጥ እንዳሰበም ከማንም በፊት የሚሰማው እሱ ነው።

አሁን ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃላት እንያቸው። ቃላቱ ያማልላሉ፣ ብዙ ግን አይናገሩም።

ባለ 29 ማለት የጎማው መጠን በኢንች ነው። የጎማው ጎን ላይ 26፣ 27.5 ወይም 29 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ታገኚያለሽ። ከአጠገቡ ደግሞ ስፋቱ አለ፤ ለምሳሌ 26 በ1.95 ይላል። አንዱ ጎማ የሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ማውንቴን ሳይክል ለብዙ ዓመታት በ26 ሲሠራ ነው የኖረው፤ 29 በኋላ የመጣ ነው። በዚያ ላይ 29 ትልቅ ጎማ ስለሆነ ቁመቷ መካከለኛ ወይም አጠር ያለች ሴት ስትወጣና ስትወርድ ያስቸግራታል። እኔ ብሆን 26 ነው የምፈልግልሽ። ሠሪሽ ሌላ ካለሽ ግን እሱን ስሚ።

ጎማን ካነሳን፣ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። ከመነዳሪው አየር የሚገባበትን ጫፍ እዪ። እንደ መኪና ጎማ ወፈር ያለ ከሆነ ማንም ጎሚስታ ይነፋልሻል። ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ የምትዞር ትንሽ ዳዶ ካለችው የጎሚስታው ቱቦ አይገጥምለትም፤ ማገናኛ መያዝ ሊኖርብሽ ነው። ወፍራሙም ቢሆን ጎሚስታ ጋ ስትሄጂ «ቀስ እያልክ» በዪው። ለአይሱዙ ጎማ የተሠራ ኮምፕሬሰር የሳይክል ከመነዳሪን ሳታስቢው ያፈነዳዋል። ስንት ድረስ መነፋት እንዳለበት እዚያው ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ባለ 21 ማርሽ ሲባል ደግሞ ከፊት 3 ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ)፣ ከኋላ 7 ጥርስ አለው ማለት ነው። 3 በ7 ሲባዛ 21 ይሆናል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ቁጥሩ ስለ ጥራት የሚነግርሽ ነገር የለም። እንዲያውም ዛሬ ብዙዎቹ ውድ ማውንቴን ሳይክሎች ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ ነው ያላቸው። አንቺ ከቆጪ መርካቶ ስትመላለሺ ከሦስት ከአራቱ በላይ አትነኪም። ቀሪው ጌጥ ነው።

ሺማኖ የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሺማኖ ሳይክል የሚሠራ ፋብሪካ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን ማርሽ፣ ፍሬንና የመሳሰሉትን ለሌሎች የሳይክል ፋብሪካዎች ያቀርባል። «ሺማኖ ሳይክል» ማለት የማርሽ መቀየሪያው ላይ ሺማኖ የሚል ጽሑፍ አለ ማለት ብቻ ነው። ዕቃዎቹም ደረጃ አላቸው። ቱርኒ የሚባለው ከታችኞቹ ነው፤ ርካሽ ሳይክሎች ላይ የሚገኘው በአብዛኛው እሱ ነው። ለአንቺ ይበቃል፣ ደግሞም ጥሩ ዕቃ ነው። ስሙ ስላለበት ግን ብር አትጨምሪ። ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ትልልቅ ስምም ያው ነው። ስቲከር ማንም ያሳትማል።

ፊትና ኋላ ያለው ሾክ ላይ ግን ጠንከር ልበል። ፊት ላይ ያለው ይሁን፤ ኋላ ያለውን ተዪው። በዚህ ዋጋ የሚገኝ የኋላ ሾክ በአብዛኛው ተራ ስፕሪንግ ነው። ሳይክሉን ያከብደዋል። ፔዳሉን በረገጥሽ ቁጥር ሳይክሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ጉልበትሽ ጎማው ላይ ከመድረሱ በፊት ስፕሪንጉ ላይ ያልቃል። መገጣጠሚያው ሲላላ ደግሞ ልኩ የሆነ መለዋወጫ ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። ጅማ መሐሉ ሜዳ ቢመስልም ዙሪያው ዳገት ነው። አንድ እሑድ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልይ ብለሽ ወደ ጅሬን በዚያ ሳይክል ብትወጪ፣ እየነዳሽው ሳይሆን እየገፋሽው ነው የምትደርሺው።

አሉሚኒየም ነው ወይስ ብረት? ሻጮች አሉሚኒየምን ከፍ ያደርጋሉ። ቀለል ማለቱ እውነት ነው፣ ዝገትም ብዙ አያጠቃውም። ነገር ግን አሉሚኒየም ሲሰነጠቅ ማንም በያጅ የሚጠግነው አይደለም፤ ብረትን ግን ተራ የሰፈር በያጅም ይበይድልሻል። ለጀማሪ ብረት ነውር የለውም። ማወቅ ከፈለግሽ ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፤ ከያዘ ብረት ነው።

መሪው ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ጎማው ቀጭን የሆነ የውድድር ሳይክል «በርካሽ» ቢያቀርቡልሽም እለፊው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው በእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ለእሱ ይሆናል። ለጀማሪ፣ ያውም ለኮብልስቶን፣ አይሆንም።

ልክሽስ? ሻጩ አልነገረሽም፣ አንቺም አልጠየቅሽውም። ጫማ ልክ ሳትጠይቂ ትገዢያለሽ? ቤትሽ ውስጥ ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችሽ መሐል እስከ ላይ አስገቢና ጀርባው ግድግዳውን ይንካ። የመጽሐፉን የላይኛውን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጊበትና እስከ ወለሉ ለኪ። ያ የእግርሽ ርዝመት ነው። ሳይክሉ ላይ አግዳሚው ብረት፣ አንቺ በሁለት እግርሽ ቆመሽ ከምትረግጪበት መሬት ሲለካ፣ ከዚህ ቢያንስ በሁለት ሦስት ጣት ማነስ አለበት። ድንገት ስትቆሚ ብረቱ ላይ እንዳትወድቂ ነው። መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ይህን አያስተካክለውም፤ ብረቱ ባለበት ነው የሚቆየው።

እዚህ ላይ የቀሚስሽ ጉዳይም አብሮ ይፈታል። አግዳሚው ብረት ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሳይክል አለ፤ ሰው «የሴት ሳይክል» ይለዋል። ስሙ አይያዝሽ፣ ለሁሉም ይመቻል። እግርሽን ወደ ኋላ አዙረሽ ሳታነሺ ትወጪበታለሽ። ረጅም ቀሚስ የሚጠልፉት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንዱ ሰንሰለቱና የፊቱ ጥርስ ነው፤ ሰንሰለቱን የሚሸፍን ክዳን ያለውን ፈልጊ፣ ከሌለው ሠሪሽ ከቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ ቆርጦ ሊሠራልሽ ይችላል። ሌላው የኋላው ቸርኬ ሽቦ ነው፤ ፓራፋንጎው ላይ በሁለቱም ጎን መረብ ይታሰርበታል። ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ልበሺ፣ የቀሚሱንም ጫፍ ጎንሽ ላይ ሸብ አድርጊው። ነጠላ ወይም ሻርፕ ከሆነ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገቢ። ወደ ኋላ እየተንሳፈፈ የሚሄድ ጨርቅ ሽቦው ውስጥ ሲገባ የሚጥልሽ በድንገት ነው።

ወንድሞችሽ ሲነዱ ቆመሽ ታዪ እንደነበር ጽፈሻል። በ31 ዓመት መልመድ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ከዚያም በኋላ ለምዷል። ሰፈርሽ ጥቂት ቀን ያይሻል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል።

መልመዱ ግን ከግዢው በፊት ይሁን። የሚያከራይ ካገኘሽ ተከራዪ፣ ካልሆነ የዘመድ ልጅ ሳይክል ተዋሺ። ነድተሽ ሳታውቂ «ተመቸኝ፣ አልተመቸኝም» ማለት አትችዪም። አለማመዱም እንደ ልጅነታችን ከኋላ እየተያዙ መሮጥ አያስፈልገውም። መቀመጫውን ሁለቱም እግሮችሽ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጡ ዝቅ አድርጊው። ፔዳሎቹን አስፈቺያቸው። ሜዳማ ቦታ ላይ፣ እሑድ ማለዳ ባጃጅ ሳይበዛ፣ ተቀምጠሽ በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ ሂጂ። መጀመሪያ አጠር አጠር እያደረግሽ፣ ኋላ ረዘም አድርገሽ ግፊ። እግርሽን አንስተሽ ትንሽ መንሳፈፍ ስትጀምሪ ሚዛኑን ይዘሻል። ፔዳሉ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይንሽ ሩቅ ይይ። ጎማውን የምታዪ ከሆነ ወደምታዪው ትወድቂያለሽ።

ከመንሳፈፍሽ በፊት ደግሞ ፍሬኑን ለዪ። የፊቱን ፍሬን የሚይዘው የትኛው እጅ ነው? ይህ እንደ አገሩ ይለያያል። ለእንግሊዝና ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሳይክል ላይ የፊቱ ፍሬን በብዛት በቀኝ እጅ ነው፤ ለአሜሪካና ለአብዛኛው አውሮፓ የተሠራው ላይ በግራ። እኛ ጋ ከየትም የመጣ አለ። በተዋስሽው ለምደሽ የገዛሽው ተቃራኒ ከሆነ፣ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ ጠበቅ አድርገሽ ልትይዢ ትችያለሽ፤ ያኔ በመሪው ላይ ተወርውረሽ ነው የምትወርጂው። ሁለቱንም ባንዴ፣ ቀስ አድርጎ መያዝን ልመጂ።

ቴሌግራሙን ተዪ አላልኩሽም። መፈለጊያ ይሁንሽ፣ መክፈያ ግን አይሁን። ፌስቡክንም፣ ጂጂ የሚባለውን የኢንተርኔት ገበያም እዪ፤ ነገር ግን «ጅማ» ብለሽ ፈልጊ። ተመርቀው የሚሄዱ ተማሪዎች፣ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩ ሠራተኞች ይሸጣሉ። ዋጋ «በውስጥ» የሚሉትን እዚያው በግልጽ ጠይቂያቸው። ስትስማሙ የመገናኛውን ቦታ አንቺ ምረጪ፤ ያም ሠሪሽ ጋ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ሠሪው ጋ አልመጣም የሚል ሻጭ ሠሪው የሚያየው ነገር አለው ማለት ነው። ለሠሪው ለድካሙ ትንሽ ብር ስጪው፤ ከሻጩ ወገን እንዳይሆን።

እሱ ሲያይ አንቺም እዪ። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ቸርኬው ከፍሬኑ ጎማ ጋር ሲተያይ ወዲህ ወዲያ የሚል ከሆነ ተጣሟል። የፊቱን ፍሬን ይዘሽ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቂው፤ መሪው ሥር ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ፔዳሉ የታሰረበትን ክንድ ይዘሽ ወደ ጎን ግፊው፤ መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ በርከክ በይና መሪው ሥር ያለውን ፍሬም ከታች በኩል እዪ። ቀለሙ ከተጨማደደ ወይም እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ሳይክሉ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል። እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ተመለሺ። ሌላው ሁሉ በዋጋ ይስተካከላል።

ለሰንሰለቱ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። በኢንቹ በኩል ያዢው። ከአንዱ ፒን መሐል ጀምረሽ 12 ኢንች ለኪ። ያላለቀ ሰንሰለት ላይ 12 ኢንቹ ልክ ሌላ ፒን መሐል ላይ ያርፋል። ፒኑ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ካለፈ ሰንሰለቱ ይቀየራል። በ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ የኋላውን ጥርስም በልቶታል፤ ሁለቱን አብረሽ ልትቀይሪ ነውና ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። ሻጩ ማስመሪያ ይዛ የመጣች ገዢ ሲያይ ራሱም ወሬ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ብዬሽ አሁንም ከአዲስ አበባ፣ ከታወቀ ሱቅ፣ በካርቶን የታሸገ አዲስ ሳይክል ማስመጣት ከፈለግሽ ይቻላል። ሱቁ ሄዶ ዓይቶ የሚከፍልልሽ ዘመድ ይኑርሽ እንጂ። ካርቶኑን ግን ራስሽ አትግጠሚው። አንድ የማውቀው ወጣት መምህር እንዲህ አስመጥቶ ግቢው ውስጥ ሲገጥም የግራውን ፔዳል እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ አዞረው። እምቢ ሲለው ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰካበትና በጉልበት አስገባው። መሬቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ብናኝ ሲረግፍ ይታይ ነበር። ፔዳሉ ገባ። ብዙም ሳይቆይ መንገድ መሐል ላይ ከነቡሎኑ ጥርስ ተነቅሎ እግሩ ሥር ወደቀ፤ ክንዱ ሙሉ በሙሉ መቀየር ነበረበት። የግራ ፔዳል የቡሎኑ ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ጫፋቸው ላይ የላቲን ፊደል አለ፤ ኤል የግራ፣ አር የቀኝ። ሁለቱም ቁልፉን ወደ ፊተኛው ጎማ አቅጣጫ ስታዞሪው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ በጣት ብቻ ይግቡ፤ በጣት ካልገቡ ተሳስተዋል። ያው ሳይክል የፊት ሹካውም ዞሮ ነበር የተገጠመው። የጎማ ፍሬን (ቸርኬውን በጎማ ጨብጦ የሚያቆም) ያለው ከሆነ ፍሬኑ ከሹካው ፊት ለፊት እንጂ ከኋላ መሆን የለበትም። የመቀመጫው ዘንግ ላይም መስመር አለ፤ መስመሩ ከውጭ ከታየ ዘንጉ ከልኩ በላይ ወጥቷል።

26,000ውን ሁሉ ሳይክሉ ላይ አታውጪው። ቁልፍ፣ ሄልሜት፣ ደወል፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ የእጅ መንፊያ፣ የሰንሰለት ዘይት አሉ። በተለይ ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል ጅማ ላይ እንዳትገዢ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ከተማ ያለ ፓራፋንጎ ቢሮ ስትደርሺ ጀርባሽ በጭቃ ተጽፎበት ነው። ዝናብ ላይ የጎማ ፍሬን ቶሎ አይዝም፤ ቸርኬው እርጥብ ስለሆነ መጀመሪያ ይንሸራተታል። ቀደም ብለሽ ያዢው። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ስትታጠፊ ፍሬን አትንኪ፤ ከመታጠፍሽ በፊት ጨርሺ። ቤት ስትገቢ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጥረጊና ዘይት አስነኪው። ባጃጅ ደግሞ ተሳፋሪ ካየ ምልክት ሳያሳይ እንደሚቆም አንቺው ስትሳፈሪበት የኖርሽ ስለሆንሽ አልነግርሽም። ራቅ በዪለት።

ያገለገለ ስትገዢ ወረቀት ይኑር። ሁለት ምስክር ባለበት፣ የሻጩ መታወቂያ ኮፒ ተያይዞ፣ ከፍሬሙ ሥር ያለው ቁጥር በእጅ ተጽፎ። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኘሽው ሳይክሉ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ኋላ ፖሊስ ቢይዘው መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ብሩን የምትሰጪው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። በቴሌብርም ሆነ በጥሬው፣ እዚያው ቆመሽ። ስታቆሚው ቁልፉ ፍሬሙን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይያዝ፤ ጎማውን ብቻ ከቆለፍሽ ጎማውን ትተውልሽ ይሄዳሉ።

አንድ ሳይክል ዓይንሽ ከገባና ካልወሰንሽ ፎቶውን ላኪልኝ። ሰንሰለቱ ባለበት፣ በቀኝ በኩል አንሺው፤ የጎማውን ቁጥርም ጠጋ ብለሽ። የእግርሽን ርዝመትና ሠሪሽ ያለሽንም አብረሽ ጻፊልኝ።